አሥር ቁጥር ዘይት

«ይህችን ሞተር የገደላት ማነው?»

ጠያቂው ጓድ የሻው ነበር… የሰፈራ መንደራችን ካድሬ።

ሕዝቡን ክሊኒኩ ፊት ሰብስቦ፣ የቆመችውን ትንሽ ጄኔሬተር በጫማው ጫፍ እየነካካ።

ሁለት ሰው የሚሸከማት ጄኔሬተር ናት። የክሊኒኩን ፍሪጅ የምታሠራው እሷ ብቻ ነበረች። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ የልጆች የኩፍኝ ክትባት ነበር…

ክትባቱ ሞቆ ተደፋ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ እኛ ከወሎ የመጣነው የሰፈርንበት መንደር።



መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ… ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝ። የንብረት ክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ዓይን አፋር ስለነበርኩ ሰው ቀና ብዬ አላይም።

ግን ሰውን ለመናቅ ቀና ማለት አያስፈልግም።

የምንቀው ሻዕባንን ነበር። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ፣ የአካባቢው የበርታ ተወላጅ። ኩርሙክ በኩል በሱዳን ጭነት መኪና ላይ ሠርቶ ሞተር የለመደ። ፊደል አይቆጥርም። ዘይት ሲመርጥ ጣሳውን አያይም… ጠብታውን በሁለት ጣቱ ያሻል፣ ያሸታል።

አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ይላል። እኔና የሻው በዚህ ስንስቅ ነበር።

ሞተሩ ከመቆሙ አራት ቀን በፊት ሻዕባንን ወባ ጣለው። የዘይት መቀየሪያው ቀን ደርሶ ስለነበር በዘበኛው በጎሹ መልእክት ላከብኝ።

«ከበርሜሉ ወፍራሙን ትጨምር ብሏል። አርባውን። ሌላውን እንዳትነካ ብሏል» አለኝ ጎሹ።

«እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቁጥር ያወቀው?»

ጎሹ ሳቀ፤ የትኛውን እንደምጨምር ሳያይ ወደ ጥበቃው ተመለሰ።

ንብረት ክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘይት ነበር። ዝገት የበላው በርሜል ላይ 40 ይላል። የሚያብረቀርቁት አዳዲስ ጣሳዎች ላይ 10።

የተማርኩ ነኝና አሰብኩ… ክፍል ውስጥ አሥረኛ የወጣ ይሻላል ወይስ አርባኛ የወጣ?

አሥሩን ጨመርኩ።

የዘይቱ ቁጥር የውፍረት እንጂ የደረጃ አለመሆኑን የሚነግረኝ ሰው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ተኝቷል። እሱን ልጠይቅ? ፊደል የማይቆጥር ሰው?

በአሶሳ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር፣ ያ ቀጭን ዘይት ውኃ ማለት ነው። ይቃጠላል፣ ይጎድላል፣ ከዚያ ብረት ከብረት ይፋጫል። ጎድሏል ወይ ብዬ እንኳ አልለካሁም።

በአራተኛው ቀን ሞተሩ ጮኸና ተጣብቆ ቀረ።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ ነን…

ሻዕባን ከነትኩሳቱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ። የወጣችውን ጥቁር ጠብታ በሁለት ጣቱ አሸ። አሸተተ።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ የሻው። «ዘይቱን የመረጠው ማነው?»

እስክሪብቶዬ ቆመ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ ነው» አለ ሻዕባን።

«አንተ?»

«እኔ ነው የመረጠ። እኔ ቁጥር አያውቅም።»

የሻው ሳቀ። ሕዝቡም ተከትሎት ሳቀ።

«እኔ ደግሞ አሻጥረኛ መስሎኝ… ለካ አህያ ነው። ጻፊ እንጂ! ‹በድንቁርና› በይ።»

ጻፍኩ… በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ።

ሻዕባን ስምንት ወር ታሰረ። ከሥራ ተባረረ። ስሙ «ሞተር ገዳዩ» ሆኖ ቀረ፤ ልጆቹም የሞተር ገዳዩ ልጆች እየተባሉ አደጉ።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ይህን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፍቼ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ውለታ ቢስ ልጆች ጻፍኩላችሁ። እናንተም ረገማችኋቸው…

ውለታ ቢሷ ጸሐፊያችሁ ነበረች።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት «ወባው አዙሮት ነው፣ የመረጠው እሱ ራሱ መስሎት ነው» እያልኩ ነው። አያችሁ? ሲያድነኝም ንቄዋለሁ።

ባለፈው ወር አሶሳ መብራት ጠፍቶ የፎቶ ኮፒ ቤቴ ጄኔሬተር እንቢ አለ። በባጃጅ ጭኜ ገበያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። በሩ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ቡሎኑን ፈቱ። ጠብታውን በሁለት ጣታቸው አሹ…

ያን ጊዜ አወቅኋቸው።

«ዛሬም አሥር ነው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ጋሽ ሻዕባን… እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?»

«ጣት ያውቃል።»

«ታዲያ ጥፋቱን ለምን በራስዎ ላይ ወሰዱ?»

«የተማረ ሲሳሳት አሻጥር ነው። ያልተማረ ሲሳሳት ድንቁርና ነው። አንተ ብትናገር ትሞታለህ። እኔ ስድብ በላሁ፣ እስር በላሁ፣ ተመለስኩ።» ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «የሻው ይንቀኝ ነበር። እኔ በእሱ ንቀት ሰው ከሞት አወጣሁ።»

«እኔም ንቄዎት ነበር።»

«አንተ ንቀትህ ከየሻው ይበልጥ ነበር።»

ከመደርደሪያ የዘይት ጣሳ አውርደው ሰጡኝ።

«አንብብ።»

«አርባ… ይላል።»

«ከአሥር ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ምሕረት አልነበረም… ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚባለው ጎበዝ ነበር።

ትምህርቱ ይኸው… ጄኔሬተራችሁ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ለአገሩ ሙቀት የሚስማማውን ዘይት ምረጡ፣ በየጠዋቱም ለኩ። የማታውቁትን ደግሞ የሚያውቀውን ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ እያለ «አፍሬ ነው ያልጠየቅሁት» ካላችሁ፣ ያ ማፈር አይደለም። ንቀት ነው።

ያ ቃለ ጉባኤ ሐሰት ነው። ሻዕባን ሞተር አልገደለም። የገደልኩት የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ሰንበቴ ነኝ። ስሜን እዚህ ገጽ ላይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው… ከዛሬ ጀምሮ «ሞተር ገዳይ» ማለት የፈለገ እኔን ይበል።

እናንተስ… በእናንተ ጥፋት ክፉ ስም ተሸክሞ የሚኖር ሰው የለም? ካለ፣ ኮሜንት ላይ ስም ጻፉ… የእሱን ሳይሆን የራሳችሁን። ትደፍራላችሁ?