ለላሚቱ የተለየው

«የእኔን ደጅ ዘላችሁ የዚያችን የዝርክርኳን ጎረቤቴን፣ የሲዮካውን ጎተራ መረመራችሁ» አለች ካቱንጌ፣ ወገቧን ይዛ። «እኔ ፊደል ባልቆጥር በቆሎዬም መሃይም መሰላችሁ?»

ዶክተር ሙምቡዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ከፈተች። በዩኒቨርሲቲ የሻጋታ መርዝ ተመራማሪ ናት፤ መኸር በደረሰ ቁጥር የማኩዌኒ አውራጃን ጎተራዎች ትዞራለች። ለካቱንጌ ግን አሁንም ያቺ ንፍጧን የምታዝረከርክ የጎረቤቷ የሙቱኩ ልጅ ናት።

«ቤቶቹን የመረጠው ዕጣ ነው፣ እማማ።»

«ዕጣ ዓይን የለውም። አንቺ ግን አለሽ። በይ መርምሪ። ንጹሕ ከሆነ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሴቶቹን ስታስተምሪ ‘የካቱንጌ በቆሎ’ ብለሽ ስሜን ትጠሪያለሽ። ‘አንዲት እናት’ ምናምን አልፈልግም።»

የምትኮራበት አላጣችም። በዚያ ክፉ ዓመት ሰዉ ሌባ ፈርቶ ያልደረቀ በቆሎ አልጋ ሥር አጎረ። በቆሎው ሻገተ፤ የበላው ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ሞተ። ከካቱንጌ ቤት ግን ሬሳ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ እያንዳንዷን ፍሬ ሳታይ ድስት ውስጥ አትጨምርም፤ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ ሻጋታ የያዘውን፣ ነቀዝ የበሳውን ትለቅማለች። የመንደሩ ሴቶች ለቀማ የተማሩት ከእሷ ነው።

ሙምቡዋ እፍኝ በቆሎ ፈጭታ በጥብጣ ቀጭን የወረቀት መመርመሪያ ነከረችበት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀያይ መስመሮች ወጡ።

«ሁለት ከሆነ ደህና ነው። ንጹሕ ነው፣ እማማ። እንዲህ የጸዳ ዘንድሮ አላየሁም።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች ካቱንጌ፤ ፊቷ ግን ፈካ። ወተት የበዛበት ሻይ በኩባያ ቀድታ አቀረበችላት። ለንዳኑም ወተቷን በትንሿ ኩባያ ሰጠቻት። ንዳኑ የልጇ ልጅ ናት፤ እናቷ ሞምባሳ ሥራ ስትገባ ጡት አስጥላ ለካቱንጌ ሰጠቻት። ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ያያት ሁሉ ግን ገና ሁለትም አልሞላትም ይላል።

ሙምቡዋ ኩባያውን አነሳች። እንዲያው ለጨዋታ ያህል «የለቀሙትን መጥፎውን የት ይቀብሩታል?» አለች።

«እብድ ነኝ? እህል ይቀበራል? ለላሚቱ ነዋ። የላም ሆድ እሳት ነው፣ የማያበስለው የለም። ሴቶቹንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው።»

ኩባያው ከሙምቡዋ አፍ ሳይደርስ ቆመ። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። «ጠዋት ከታለበው አለዎት?» አለች፤ የወተቱ ቅል ሲመጣላት ከሌላ ቆርቆሮ ሌላ ወረቀት አወጣችና ወተቱ ውስጥ ነከረች።

«ዘንድሮ ላሚቱንም ትምህርት ቤት ልታስገቢያት ነው?» ብላ ሳቀች ካቱንጌ።

ሙምቡዋ አልሳቀችም። አንድ መስመር ወጣ። ሁለተኛውን ጠበቁት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ ሁለተኛው አልመጣም።

«እማማ… ላሚቱ የበላችው መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል።»

«አፈላዋለሁ እኮ።»

«እሳት አይገድለውም።»

ካቱንጌ ክው አለች። ዓይኗ ንዳኑ ላይ ቀረ። ልጅቷ አላድግ ስትል የጠዋቱንም የማታውንም ወተት ለእሷ አድርጋ ነበር። እምቢ ስትል በሁለት ጉልበቷ መሃል ይዛ፣ «ጠጪ፣ የሚያሳድግሽ ይህ ነው» እያለች ግታታለች።

«ያላደገችው… በእኔ ነው?»

«አላውቅም። ልጅ የማያድገው በብዙ ነገር ነው፤ ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንወስዳታለን። ያን በቆሎ ላሚቱ ፊት ካላስቀመጡ ወተቱ በጥቂት ቀን ይጠራል። እስከዚያ ግን አንድ ጉንጭ እንዳትቀምስ።»

ካቱንጌ ሰፌዷን አየች። በየግቢው እንደዚህ ያለ ሰፌድ አለ፤ ከሰፌዱ ወዲያ ላም፣ ከላሚቱ ወዲያ ኩባያ የያዘ ልጅ። በየቤቱ ገብታ ያሳየች እሷ ናት። የሲዮካውን እጅ እንኳ ይዛ፣ «ይህን ለሰው፣ ይህን ለላም» ብላታለች።

ንዳኑ ከንፈሯ በወተት ነጭ እንደሆነ መጣችና ባዶ ኩባያዋን ዘረጋች። «ጨምሪልኝ፣ አያቴ።»

ካቱንጌ ኩባያውን ተቀበለቻትና ሰፌዱ ላይ፣ ንጹሑ በቆሎ መሃል በአፉ ደፋችው። ልጅቷን ስባ ጉያዋ አስገባቻት።

«እሑድ ትናገሪያለሽ» አለች።

«እናገራለሁ። ስምዎን ግን አላነሳም፣ እማማ። ‘አንዲት እናት’ እላለሁ።»

«አንዲት እናትን ማን ይሰማታል? ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ስም በቀር ይህን ልማድ የሚያስጥላቸው የለም። ይህችን ልጅ አዝዬ አጠገብሽ እቆማለሁ። ቀና ብለሽ፣ እንዳትንተባተቢ፣ ‘ካቱንጌ’ በዪ።»