ሮቢትን የሚያሳልፍ ጓርኒሲዮን

«ቆርጠህ ግጠም አልኩህ እንጂ አስተምረኝ አልኩህ?» አለ ካሳው።

ይሁኔ ከቶዮታዋ ኮፈን ስር ቀና አላለም። ጺሙ ያደገ፣ ጥቁር ሸሚዙ በግራሶ የወዛ የሠላሳ ዓመት መካኒክ ነው።

«አንቱ የቸኮሉ እንደሆን ከወፍራም ካርቶን ቆርጬ እገጥማለሁ። ግን እሳት ነው የሚያልፍበት። ጎብዬ ሳይደርሱ ይነፋል።»

«ጎብዬ ልቃረብ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍየል ይጩህ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ይሁኔ ለራሱ ያህል፤ መፍቻውንም አነሳ።

ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ከዋጃ እንደወጡ ነበር። የሞተሩን ጢስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማፈኛው ወደ ማርሚታ የሚያወርደው ብረት ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ላይ የምትገባ ስስ ነገር ናት። እሷ ከተቃጠለች መኪና ሚስጥር አይችልም። የካሳው ቶዮታም ቆቦ የገባችው እንደ መትረየስ እየተንጣጣች ነው።

ካሳው ደግሞ ዛሬ ድምፅ አልፈለገም። ከኋላ ወንበር ጋቢ ተከናንቦ የተኛው የእህቱ ልጅ ደጀን ነው። ለጠየቀ ሁሉ ወባ ይዞታል ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጎርፍ ወርዶ ገበሬው ወደ ማሽላው ሲጠልፍ፣ ደጀን በውሃ ተራ ከአንድ የሮቢት ሰው ጋር ተጣላ። አንድ ዱላ ሰነዘረ። ሰውየው አልተነሳም።

የሟች ወገን የቆቦን ፖሊስ ጣቢያ በር እየተፈራረቀ ይጠብቃል ሲባል፣ ካሳው ልጁን ወልድያ ወስዶ ለሕግ ሊያስረክብ ተነሳ። ወልድያ ለመድረስ ግን ከጎብዬ በፊት ባለችው በሮቢት ማለፍ ግድ ነው። እዚያም የሟች ዘመዶች መሣሪያ ታቅፈው መንገድ ዳር ይውላሉ። ዝም ብሎ የሚያልፍን መኪና ማንም ልብ አይለውም። የሚጮኸውን ግን ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያየዋል።

ይሁኔ የጢስ መውረጃውን ብረት የያዙትን ዳዶዎች ፈታ። ብረቱን አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ካርቶኑን በልኩ ቆረጠና ላቡን ጠርጎ፣ ለበሽተኛው ውሃ ልስጠው አለ። ካሳው አያስፈልግም ሊል ሲል የኋላው በር ተከፍቶ ነበር።

ደጀን ለመጠጣት ጋቢውን ከፊቱ ገለጠ። ጠጥቶ ጨረሰ። ይሁኔ ባዶውን ጣሳ እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሲመለስ የቆረጠውን ካርቶን ለሁለት ቀደደው።

«ይሄ አይሆንም። የሚሆነው የብረቱ ነው። ከሱቅ ላምጣ።»

«አሁን ተስማምተን?»

«ሮቢት ላይ ቢነፋስ?»

ካሳው ወደ መካኒኩ ዞረ። የሮቢትን ስም በአፉ አላነሳም ነበር።

ይሁኔ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ካሳው ከጋራዡ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ተለጥፎ ጆሮውን አቆመ።

«ወንዶቹን ሁሉ ጥሪያቸው» ይላል መካኒኩ። «መንገድ ላይ ያሉትንም። መሣሪያቸውን ይዘው ይምጡ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ፣ አንድ እንዳይቀር።»

ካሳው ወደ መኪናው ሮጠ። ሮጦስ የት ይደርሳል? ብረቱ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ሞተሩ አፉን ከፍቷል። ከወንበሩ ስር ሽጉጡን አወጣና፣ መካኒኩ እንደሸጣቸው፣ ሲመለስ ግንባሩን እንደሚለው ለደጀን ነገረው።

ደጀን የአጎቱን እጅ ያዘ።

«ተወው አጎቴ። የሚያደርገውን ያድርግ።»

ፍርሃት ልጁን አፍዝዞታል ሲል አሰበ ካሳው። ሽጉጡን ኪሱ ከተተ፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

ይሁኔ አዲሱን ጓርኒሲዮን በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። አልተጣደፈም። የአሮጌውን ቅሪት በምላጭ ፋቀ። ብረቱ ተጣሞ እንደሆነ በማስመሪያ ለካ። አዲሱን በቡሎኖቹ ላይ አሰካው፣ ብረቱን መለሰ፣ ዳዶዎቹን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ አጠበቀ። ካሳው እያንዳንዱን ዙር ቆጠረ። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ።

ካሳው መሪው ላይ ዘሎ ወጣ። ይሁኔ ግን ከፊት ለፊቱ ቆመ።

«አልጨረስኩም። ሲሞቅ ይላላል። ሞቆ ዳግም ካልጠበቀ ልፋቴ ከንቱ ነው።»

ሰዓቱንም አየ።

ጠበቁ። ከሮቢት በኩል አይሱዙ መጣ፤ አለፈ። ሚኒባስ መጣ፤ ካሳው በኪሱ ውስጥ ሽጉጡን ጨበጠ። ሚኒባሱም አለፈ። ይሁኔ ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብሎ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ሲያጠብቅ ስልኩ ጮኸ። አንስቶ ሰማ። ኮፈኑን ዘጋ።

«አሁን ሂዱ» አለ። «ሮቢት ላይ መንገድ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም። ሁሉም እናቴ ቤት ገብተዋል።»

ካሳው አልገባውም። እናትህ ደግሞ ማን ናት ሊል አፉን ሲከፍት፣ ደጀን ጋቢውን ጥሎ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ከይሁኔ እግር ስር ተደፋ።

«አጎቴ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም እኮ ነው» አለ ከድንጋዩ ስር፤ ይሁኔ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ በተደፋው ልጅ ጎን ዞሮ፣ ወደ ሮቢት ሊሳፈር ወደ መናኸሪያው ሄደ።