ሥራ የፈታ መዳፍ

ዕቃ ሁሉ ሙቀቱን በስልክ ሲጠየቅ እንዲናገር ከተደነገገ ወዲህ የእናቶች መዳፍ ሥራ ፈቷል። ድሮ የአርሴማ እናት ከሥራ ስትመለስ ተከፍቶ ውሎ እንደሆነ ለማወቅ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ትዳብስ ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝን ለአርሴማ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ሶስና ናት።

ዛሬ እናትየው ገና በሩ ላይ ሆና ስልኳን አየት አደረገች። «ቴሌቪዥኑ አርባ ዲግሪ ነው። ሳጠና ዋልኩ ነው ያልሽኝ?»

«ማነው መጠየቂያውን ስልክሽ ላይ የጫነው?» አለች አርሴማ።

«ሶስናዬ ናት፤ ሦስት መስመር ኮድ ጽፋ። ትባረክ!»

አርሴማ እህቷ ላይ አፈጠጠች። «አንቺ ይሁዳ! ጨርቁን ያስያዝሽኝ አንቺ!»

«ቅዳሜ ልደት እንድሄድ ፈቀደችልኛ!» አለች ሶስና ጥፍሯን እየቀባች።

አርሴማ ክፍሏ ገብታ ተጠቀለለች። ጥቂት ቆይቶ አተኮሳት። «እማዬ፣ ነይ ግንባሬን ንኪኝ!»

«ትራስሽ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል፤ ኪኒን ዋጪ» አለች እናቷ ከሳሎን።

አርሴማ ያንኑ የቴሌቪዥን ጨርቅ ራሷ አርጥባ ግንባሯ ላይ አደረገችው።