አንቀልባው

ወንጌላዊው ስለ ሣራ ሲሰብክ እንደዚያ እሑድ ሆኖለት አያውቅም። «እግዚአብሔር በእርጅናዋ ትወልዳለች ሲል ድንኳን ውስጥ ሆና ሳቀች! ስትጠየቅ ደግሞ ‹አልሳቅሁም› ብላ ካደች! ሰው እንዴት በተስፋው ቃል ይስቃል?» ብሎ አትሮንሱን በቡጢ ሲመታው ምእመኑ «አሜን!» አለ።

ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ «ስብከቱ እንዴት ነበር?» አላት ሚስቱን። መወደስ አምሮታል።

«ግሩም ነበር» አለችው። «ግን አንቀልባዬን የት አደረስከው?»

ክው አለ። ሲጋቡ እናቷ የሰጧትን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሕፃን ሳይታዘልበት የኖረውን አንቀልባ ባለፈው ሳምንት ለወለደችው ጎረቤታቸው ሰጥቶባታል።

«እኔና አንቺ እኮ አርጅተናል» አለ እየተለሳለሰ። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል ብዬ ነው።»

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀህ አስመልስልኝ» አለችው፣ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ። «ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ።»

ወንጌላዊው ሽበቷን አየ፤ የራሱን መላጣ ዳበሰ። ሳያስበው ሳቁ አመለጠው።

ፊቷ ኮስተር ሲል ጊዜ፣ «ኧረ አልሳቅሁም!» አለ ደንግጦ።

«የለም፣ ስቀሃል» አለችው። «በል ጫማህን መልሰህ አድርግ።»