በገጹ ራስ ላይ ያለ መስቀል

«ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?»

የእማማ ወርቅአፈራሁ አፍንጫ የኮምፒውተሩን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የመጡት፣ የእድሩን ዝርዝር ከመታተሙ በፊት በዓይኔ ልየው ብለው ነው። ግራ በኩል «አባላት» ይላል፤ ቀኝ በኩል «በሞት የተለዩ»። ዘንድሮ እድር የገባችው የልጅ ልጃቸው፣ የሰባት ወር እርጉዟ ሜላት፣ በቀኝ በኩል ከሙታኑ መሀል ቁጭ ብላለች።

«አሁን ጨጨብሳ አጉርሼያት፣ ጨው አነሰው ብላኝ ነው የወጣሁት» አሉ። «እሑድ ለእድርተኛው ሊነበብ ነው። የነፍሰ ጡር ስም ከሙት ጋር ተጠርቶ ደግ ነገር አይመጣም።»

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችው ተስኒም ሻርፗን አስተካክላ ገጹን ገለጠች። «እማማ፣ እኔ እንዳገኘሁት ነው ያስገባሁት። ይኸው፣ ከስሟ በላይ መስቀል አለ። በቀይ ከተሰረዙት ጋር መስቀል ያለበትንም ሁሉ ወደ ሙታኑ ወሰድኩት።»

እማማ ገጹን አዩ፤ የእድሩ ጸሐፊ የአጥናፉ እጅ ጽሕፈት ነው። ቀጣዩን ገጽ ገለጡ። መስቀል። ሌላውን ገለጡ። እዚያም መስቀል። ጭንቀቱ ሳይለቃቸው ሳቃቸው መጣ።

«አይ የኔ ልጅ። አጥናፉ ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ነው፤ መስቀል ሳያደርግ አዲስ ገጽ አይጀምርም። የሞተውንማ በቀይ ይሰርዘዋል።»

ተስኒም አፏን በእጇ ያዘች። «እኛም እኮ ቢስሚላህ ሳንጽፍ አንጀምርም። ታዲያ ሰውን ሁሉ ገጽ መጀመሪያ ላይ በመገኘቱ ገደልኩት ማለት ነው?»

«ስንት ገደልሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲህ አስነሻቸው። ከሜላት ጀምሪ፤ በዚህ ሆዷ አንድ ደቂቃ እዚያ መቆየት የለባትም።»

ተስኒም ስሟ ላይ ጠቅ አደረገች። ስሟ ጠፋ።

እማማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ። «የት ሄደች?»

«ይዣታለሁ፣ አይጨነቁ።»

«በምንሽ ነው የያዝሻት? እኔ አይታየኝም።»

«በማውሱ። አሁን በግራ አስቀምጣታለሁ።»

«ቀስ ብለሽ። እንዳትጥያት።»

ስሟ ከአባላቱ መሀል ብቅ አለ። እማማ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ አላመኑም፣ ደገሙት። ከዚያ አሥሩ ተከታትለው ተነሡ።

«ይሄኛው የውቤ በረሃው ፍስሃ ነው» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተመለሰ። «ከምሳ በፊት ሲነሣ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።»

ተስኒም ሳቀች። «በቃ፣ ላትመው?»

«ቆይ። ከሜላት ስም ሥር አንድ መስመር ክፈቺልኝ።»

«የልጁን ስም ልጻፍ?»

«ሳይወለድ ይጻፋል እንዴ፣ ምን ነካሽ። ቦታ ብቻ ያዢለት።»

ተስኒም አንዷን ቁልፍ ተጫነች። ከሜላት በታች ያለው ሰው ሁሉ አንዳንድ ደረጃ ዝቅ አለ፤ በለቀቁት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች።