የተወለወለው መስታወት

ረድኤት ለመመረቂያ ጥናቷ መስታወት ላይ የምትቀባው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመር ከመሳሳቱ የተነሳ በዓይን አይታይም። የላብራቶሪ ባልደረባዋም ባዶ መስታወት መስሎት፣ ፖሊመሩን ሙልጭ አድርጎ በሚያነሳው አልኮል ፈትጎ ወለወለው። ጠርዙ ላይ የተጫረውን ስሟን ያየው ካደረቀው በኋላ ነው። ለማንም ሳይናገር ወደ ቦታው መለሰው።

በማግስቱ መስታወቱን መለኪያው ላይ ስታስቀምጥ፣ ጎኗ ቆሞ የሚናዘዝበትን ቃል ይፈልግ ነበር። ባዶ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ሊነግራት ቆርጧል።

መለኪያው ግን ዜሮ አላሳየም። ረድኤት ቁጥሩን አየችና ሳቀች።

«ያቺው ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም» አለችው። «ነገ ፈታኞቼን አፍ የማስይዛቸው በዚህች ነው። አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ላብ ያጠመቀህ?»