ቆቡ የወለቀ ዕለት

ናርዶስ ልጇ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም ነበር። በዚያ ዘመን እንደ እሷ ልጅ በምጥ ታፍኖ አንጎሉ ያበጠ ሕፃን ሁሉ ስስ ቆብ ይደረግለታል። ለቅሶ እብጠቱን እንዳያባብሰው ቆቡ ሕፃኑን ገና ማልቀስ ሳይጀምር ያረጋጋዋል። ሲርበው ቆቡ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲያመው ቀይ። ናርዶስ መብራቱን እያየች ታጠባለች። ጡቷ ግን ለመብራት አይታለልም፤ ወተቱ ቀሚሷን የሚያርሰው የጎረቤት ሕፃን ከግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ ነው።

አንድ ጠዋት ነርሷ ሲስተር ፈትለወርቅ ቆቡን ልታወልቅ መጣች።

«ካለቀሰ ድኗል ማለት ነው» አለች።

ቆቡ ወለቀ። ሕፃኑ ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ነርሷ ውስጥ እግሩን ቆነጠጠችው። አሁንም ዝም። የናርዶስ ባል ሙላቱ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

ነርሷ ደግማ ቆነጠጠችው። የሕፃኑ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ቀጭን ለቅሶ ወጣውና እየበረታ ሄደ።

ናርዶስ አንስታ አቀፈችው። ለቅሶው አልቆመም።

«ሲስተር፣ ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔም አላውቅም። ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ጡቷን ሰጠችው፤ እንቢ አለ። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን እያሻሸች ክፍሉን ትዞር ጀመር።